ከሐዋሳ ወደ ደብረ ብርሃን፦ ቡጌንቪሊያ ወይስ ጄራኒየም?

እህቴ ደብረ ብርሃን ቤት ሠርታ «ከሐዋሳ አበባ አምጪልኝ» አለችኝ። ልቤ መጀመሪያ ወደ ቡጌንቪሊያ ሄደ። የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው፤ እዚህ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አጥሩን ሁሉ ያለብሰዋል። ያ ደማቅ ቀለም ግን የቅጠል ነው። እውነተኛዋ አበባ መሃል ላይ ያለችው ትንሿ ነጭ ናት። ሲያዩት ደስ ይላል! ደብረ ብርሃን ግን ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። የኅዳር ውርጭ ለጋውን ቅርንጫፍ ያቃጥለዋል። ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ጥግ ካልሆነ አልመክርም።

የደቡብ አፍሪካው ጄራኒየምም ውርጭ አይችልም። ግን በጣሳ ይበቅላል፤ ማታ ቤት ይገባል። ቀዝቀዝ ያለ አየር ይስማማዋል። ውሃ ካልበዛበት ቁራጩ ቶሎ ሥር ይሰድዳል።

አራት ቁራጭ ጄራኒየም በጋዜጣ ጠቅልዬ ወሰድኩላት።