ለጀማና ለሮቢ አሸዋ የሚሰናዳ ላንድክሩዘር 78፦ ብሩ የት ላይ ይውጣ?

ሰሜን ሸዋ ውስጥ እንደ ጀማና ሮቢ ባሉ ወንዞች ዳር ለመጓዝና ዓሣ ለማጥመድ መኪና ማሰናዳት ለሚፈልግ ሰው ላንድክሩዘር 78 ሃርድቶፕ፣ ዋን ኤችዜድ ሞተር ያለው፣ ዛሬም ቀዳሚ ምርጫ ነው። ብዙ ባለቤቶች ግን ገና እንደገዙት ከፍ ያስደርጉታል፣ ዊንች (ካቦ እየጠቀለለ መኪና የሚጎትት መሣሪያ) ያስተክላሉ፣ ጣሪያውን በፖርቶ መጋላ ይጭኑታል። ይህ ብር ማባከን ነው። በዚህ አካባቢ መኪና የሚፈተነው በረጅም ቁልቁለትና በወንዝ አሸዋ ነው፤ በሁለቱም ላይ የሚጎዳው ክብደት ነው። ብሩ መዋል ያለበት በጎማ፣ በኮምፕሬሰርና በፍሬን ላይ ነው።

ሞተሩ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4,164 ሲሲ፣ ተርቦ የሌለው ናፍጣ ነው። ጠንካራነቱ አያከራክርም፤ ደጋ ላይ ግን ይከብደዋል። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲተያይ 30 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ነዳጅ ቢረግጡለት ጥቁር ጭስ ከመትፋት በቀር አይፈጥንም። ተርቦ ማስገጠም የሚያጓጓው እዚህ ላይ ነው፤ እኛ ግን አንመክርም። ናፍጣው መጀመሪያ የሚነደው ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ነው፤ የነዳጁ ልክና ሙቀቱ በጥንቃቄ ካልተመጠነ ቴስታታው ይሰነጠቃል። በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ መውጣት ይሻላል። ያገለገለ የሚገዛ ሰው የታይሚንግ ቺንጋው በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየሩን ያጣራ፤ ሪዱታው (ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት የሚጨምረው ማርሽ) መግባቱንና የፊት ፍሪዌሎቹ (የፊት ጎማዎቹን ከአክሱ ጋር የሚያያይዙት) መያዛቸውን አሸዋ ላይ ሳይሆን ጋራዥ ውስጥ ይፈትሽ።

ዋናው ጉዳይ ጎማ ነው። መኪናው በብዛት የሚመጣው 7.50አር16 በሚባለው ባለ ካላማዳሪያ (የውስጥ ጎማ ያለው) ጎማ ነው። የገጠር ጎሚስታ ሁሉ በመፈልቀቂያና በመዶሻ ነቅሎ ይለጥፈዋል፤ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። አሸዋ ላይ ግን አየሩ ከ20 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ) በታች ሲወርድ ጎማው ቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ ይዞራል፣ ካላማዳሪያውን አብሮ ይጎትታል፣ ቫልቩም ከሥሩ ይቀደዳል። ምልክቱን ማየት ቀላል ነው፤ ከቸርኬው ቀዳዳ ቀጥ ብሎ ይወጣ የነበረው ቫልቭ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ ጎማው መንሸራተት ጀምሯል፣ ወዲያው አየር መጨመር ያስፈልጋል።

ስለዚህ ካላማዳሪያ የማይፈልገውን 265/75አር16 እንመርጣለን። ቁመቱ ከ7.50ው ጋር እኩል ሊባል ይችላል፣ ሁለቱም 80 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ናቸው፤ ስለዚህ የማርሹ አቅምም የፍጥነት መለኪያውም አይዛባም። የድሮው ጠባብ ቸርኬ ግን አይሆነውም፤ ስፋቱ 7 ወይም 8 ኢንች የሆነ ያስፈልጋል። ቸርኬ ከመግዛት በፊት ብሎኖቹን መቁጠር ግድ ነው፤ 78ቱ ባለ 5 ሲሆን የቀድሞው 75 ባለ 6 ነው፣ አይዋዋሱም። ከዚህ የሰፋ ጎማ መሪ ያከብዳል፣ ፍሪሲዮን ይጨርሳል፤ አሸዋ ላይ የሚጨምረው ነገር ትንሽ ነው።

የጎማው አየር በፒኤስአይ እንዲህ ይሁን፦ አስፋልት ላይ የፊቱ 35፣ የኋላው 40፤ ፒስታ ላይ 28፤ አሸዋ ላይ 18። ጎማው አሸዋውን ከፊቱ እየገፋ ከከመረ ወደ 15 ይውረድ። ከ12 በታች ግን ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል። አየሩ ለአሸዋ እንዲህ በወረደበት ጊዜ ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ መንዳት፣ በፍጥነት መታጠፍም አይገባም። አየሩን ደጋ ላይ አስቀድሞ አስተንፍሶ መውረድ አደገኛ ነው፤ የላላ ጎማ በረጅሙ ቁልቁለት ይግላል፣ መኪናውንም ያዋዥቃል። የሚተነፈሰው አሸዋው አፋፍ ላይ ሲደረስ ነው፤ የሚሞላውም እዚያው፣ ወደ ጠንካራው መንገድ ከመውጣት በፊት።

ለመሙላት በደቂቃ 70 ሊትር የሚነፋ የ12 ቮልት ኮምፕሬሰር ይበቃል፤ አራቱን ጎማ ከ18 ወደ 38 ለመመለስ 20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ገመዱ በቀጥታ ባትሪው ላይ ይታሰር፣ ሞተሩም ይሥራ፤ በሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ ከተሰካ ፊውዙ ይቃጠላል። ከሁለት ጎማ በኋላ ማሳረፍ ዕድሜውን ያረዝመዋል።

ከሸዋ ሮቢት ዙሪያ እስከ አጣዬ ያሉት ሰፋፊ የወንዝ ወለሎች በበጋ የደረቀ አሸዋ ናቸው። አሸዋ እርጥብ ሲሆን ይጠነክራል፤ ስለዚህ ማለዳ ከቀትር ይሻላል፤ የዓሣ ፈላጊው በሚበዛበት በሁዳዴ ደግሞ ዝናብ ካልዘነበ አሸዋው የላላ ነው። ሪዱታ አስገብቶ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ሳያቋርጡ መሄድ፤ ለመቆም ፍሬን ሳይረግጡ በራሱ እንዲቆም መተው፤ ከተቻለ አፍንጫው ወደ ቁልቁለት ዞሮ ይቁም። ጎማው በባዶ መሽከርከር ሲጀምር እግርን ከነዳጅ ማንሣት ነው፤ ተጨማሪ አንድ ዙር ማለት ዲፍሬንሻሉን (አክሱ መሐል ያለውን የጥርስ ቋት) አሸዋው ላይ ማስቀመጥ ማለት ነው። ከተቀረቀረ በኋላ በአካፋ ከአራቱም ጎማ ኋላና ከዲፍሬንሻሉ ሥር መጥረግ፣ አየሩን ማውረድ፣ ከዚያ በመጣበት ፋና ወደ ኋላ መውጣት። ለክሪኩ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ ካልተያዘ ክሪኩ ራሱ ይሰምጣል።

ሞላና ባሌስትራውን ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ማስነሳት አንመክርም። የመንዝ መንገድ ጎን ለጎን የሚያዘነብል ስለሆነ ከፍ ያለ መኪና በቀላሉ ይገለበጣል። ከዚያ ይልቅ አሞርዛተሩን በጥሩ መቀየር ይሻላል። ፍሬኑ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ከጣርማ በር ሮቢት ድረስ ያለው ቁልቁለት ከ1,700 ሜትር አያንስም፤ በለሚ በኩል ወደ ጀማ የሚወርደውም ከሺህ ሜትር በላይ ነው። የፍሬን ዘይት ውኃ ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፤ አሮጌው ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ወለሉ ላይ ያርፋል። መውረድ በሦስተኛ ማርሽ ነው።

ውኃ ለሚሻገር መኪና ከስኖርክል (ሞተሩ አየር የሚስብበት ወደ ላይ የወጣ ቱቦ) ቀድሞ የሚያስፈልገው ርካሽ ነገር ነው፤ የዲፍሬንሻልና የካምቢዮ መተንፈሻዎችን በጎማ ቱቦ እስከ ኮፈኑ ሥር ማድረስ። የጋለ ዲፍሬንሻል ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውኃ ይስባል። ዘይቱ የወተት መልክ ከያዘ ውኃ ገብቷል፣ ሳይውል ሳያድር ይቀየር። የባሕር ዳርቻ መኪኖች ጨውን ለመከላከል የሚቀቡት ፀረ ዝገት እዚህ ብዙም አያስፈልግም፤ የእኛ ወንዝ ችግር የፍሬን ከበሮ ውስጥ የሚጋገረው ደለል ነው። ከጉዞ በኋላ ከበሮው ተከፍቶ ይታጠብ።

የማጥመጃ ዘንግ መያዣ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ቱቦ በ40 ሴንቲ ሜትር ቆርጦ ፓራውልቱ ላይ በብሎን ማሰር ነው፤ ቻሲሱ ላይ ብየዳ አይነካም። ፍሪጅና ሁለተኛ ባትሪ አብረው ወደ 45 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ለአንድ ሌሊት ጉዞ አያዋጣም። የ60 ሊትር የበረዶ ሣጥን፣ ደብረ ብርሃን ላይ በረዶ የሆኑ የሁለት ሊትር የውኃ ጠርሙሶች ተሞልቶ፣ በቆላው ሙቀት እስከ ማግስቱ ይቆያል። የጀማ አምባዛ እንደወጣ ሆድ ዕቃውና ጉሮሮው ተጠርጎ፣ ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ሂሳብ መቀመጥ አለበት።

ዊንቹ ይቅር። በሰፊ የአሸዋ ወለል መሐል ካቦ የሚታሰርበት ዛፍ የለም፤ ከፊት የሚጨምረው ክብደት ደግሞ የፊት ጎማዎቹን ያሰምጣል። በዚያ ዋጋ የሚለጠጥ የ9 ሜትር መጎተቻ ገመድ ተገዝቶ ብዙ ይተርፋል፤ ከሌላ መኪና ጋር አብሮ መውረድ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ምንም ዓይነት መኪና ቢሆን ወንዙ ወለል ላይ ማደር የለበትም፤ ሰማዩ ቆላው ላይ ጠርቶ ሳለ ደጋ ላይ የዘነበው ጎርፍ ሌሊት ይደርሳል።