ፎርጎተን ሪልምስ ይሻላል ወይስ ኤቤሮን?

ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ (ካራክተር ይዞ ታሪክ እየፈጠሩ በግሩፕ የሚጫወቱት ጌም) ልትጀምሩ ነው እና የቱ የፈጠራ ዓለም ላይ እንጫወት ብላችሁ ግራ ከተጋባችሁ የኔ ሃሳብ ይኸው። ፎርጎተን ሪልምስን የፈጠረው ኤድ ግሪንውድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ነው የወጣው፣ ሁሉም ነገር አለበት በቃ፣ ኤልፉ፣ ድዋርፉ፣ ድራገኑ፣ ዋተርዲፕና ባልዱርስ ጌት የሚባሉት ከተሞች፣ ጌም የሚወድ ሰው ግማሹን ስም ሰምቶታል። ለጀማሪ ብዙ ማስረዳት አይጠይቅም። ችግሩ ታሪኩ በጣም በዛ፣ ዲኤሙ (ጨዋታውን የሚመራው ሰው) አንድ መንደር ሲጠራ በዚህ ዓለም ላይ የተጻፈውን ልብ ወለድ ሁሉ ያነበበው ልጅ "ኧረ እሷማ ተቃጥላለች" ይለዋል ሃሃ። ደሞ እነ ኤልሚንስተርን የሚያክል ጠንቋይ እያለ ዓለምን እኛ ለምን እናድናለን?

ኤቤሮን ሌላ ነገር ነው። ኪት ቤከር የጌሙ አሳታሚ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ያወጣውን አዲስ ዓለም የመፍጠር ውድድር አሸንፎ እ.ኤ.አ. በ2004 ታተመለት። እዚህ አስማት እንደ መብራትና ውሃ የሚከፈልበት አገልግሎት ነው፣ በመብረቅ የሚሄድ ባቡር አለ፣ በሰማይ የሚበር መርከብ አለ። መቶ ዓመት ገደማ የፈጀ ጦርነት ካበቃ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፣ ሳየር የምትባል አገር በአንድ ቀን ወድማለች፣ በምን እንደወደመች ሆን ብለው አልጻፉትም፣ ዲኤሙ ራሱ ይወስን ነው ነገሩ። ለውጊያ የተሰሩት ዎርፎርጅዶች (ነፍስ ያላቸው ሮቦት መሳይ ፍጡሮች) ደሞ ሰላም ሲወርድ ነጻ ወጡና አሁን ምን እንስራ እያሉ ነው፣ እንደዚህ አይነት ካራክተር መጫወት እንዴት ደስ እንደሚል!

ሴራና ምርመራ የሚወድ ግሩፕ ካላችሁ ኤቤሮን፣ ዋሻ ገብተን ወርቅ እንዝረፍ ለሚል ሪልምስ። ድራገን ኤቤሮንም ላይ አለ፣ ግን እንደ ሪልምስ ቀለሙን አይታችሁ ብቻ ይሄ ጥሩ ነው ይሄ ክፉ ነው እንዳትሉ።