ሲሊከን ስፕሬይ ለስኖው ብሎወር፦ 10 ዶላር ይገባዋል ወይ?

አማርኛችን ከሰማይ የሚወርደውንም ፍሪዘር ውስጥ የሚጋገረውንም «በረዶ» ብሎ ያልፋል። ለስኖው ብሎወር፣ ማለትም ስኖውን ጠርጎ ወደ ጎን ለሚወረውረው ማሽን፣ ግን ሁለቱ ለየቅል ናቸው፤ ስለዚህ እዚህ የሚወርደውን ስኖው፣ የረጋውን ውሃ በረዶ እንበል። ሲሊከን ስፕሬይ የሚረጭ ማለስለሻ ነው፤ ስኖው ብረት ላይ እንዳይጣበቅ ይከላከላል። ውሃ በረዶ ከመሆን ግን አያግድም። «አይሠራም» የሚባልለትም ብዙ ጊዜ ይህ ሳይለይ ሲቀር ነው።

አሜሪካ ሚኒሶታ፣ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ውስጥ ብዙ ቤት ጋራዡ ከቤቱ ተነጥሎ ከኋላ ባለው ጠባብ መንገድ (አሊው) ጋ ነው የተሠራው፤ ማሞቂያ የለውም። ከሰዓት በኋላ ዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ እርጥብ ስኖው ይጥላል፣ ማሽኑ ሠርቶ ይገባል፣ የሞተሩ ሙቀት የተጣበቀውን ያቀልጠዋል። ሌሊት ከዜሮ በታች 20 ሲሆን ያ ውሃ ሆዱ ውስጥ ይረጋል። ጠዋት ምን እንደሚበላሽ የሚወስነው የት እንደረጋ ነው። ከፊት ያለው ጠመዝማዛ (ኦገሩ) ከያዘ ሺር ፒን የሚባለው ደካማ ብሎን ይሰበራል፤ የተሠራውም ለዚያ ነው፣ ርካሽ ነው። ከኋላ ሆኖ ስኖውን ወደ መውጫ ቱቦው (ሹቱ) የሚወረውረው ባለ ክንፍ ማሽከርከሪያ (ኢምፔለር) ከያዘ ግን ሺር ፒኑ አያድንም። ቺንጋው እዚያው እየተንሸራተተ ይጨሳል፣ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል፣ ይበጠሳል። ሚኒያፖሊስ ደግሞ ለአንድና ለሁለት ቤተሰብ ቤቶች የእግረኛ መንገዱን ለመጥረግ የምትሰጠው ስኖው ካቆመ በኋላ 24 ሰዓት ብቻ ነው።

ወደ ዕቃው እንምጣ። 11 አውንስ ቆርቆሮ ነው፣ ቀጭን ቀይ ቱቦ አለው፣ ዋጋው 10 ዶላር አካባቢ። በጥቅምት፣ ስኖው ሳይጀምር መቀባት ይሻላል። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ይነሳ፣ ብረቱ በደንብ ይድረቅ፤ እርጥብ ብረት ላይ የተረጨ ሲሊከን ከውሃው ጋር አብሮ ይሄዳል። ቆርቆሮውን ወዝውዞ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ርቀት የሹቱን ውስጥ፣ የኢምፔለሩን ክንፎችና ኢምፔለሩ የሚዞርበትን ክፍል ግድግዳ ስስ አድርጎ መርጨት፣ 10 ደቂቃ መጠበቅ፣ መድገም። አንድ ወፍራም ቅብ ከሁለት ስስ ቅብ አይበልጥም፣ ይንጠባጠባል እንጂ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተጠረገ በኋላ እንደገና ይፈልጋል፤ በተለይ የከተማው መንገድ ጠራጊ መኪና ድራይቭዌይ (የመኪና መግቢያ) አፍ ላይ ቆልሎት የሚሄደው አሸዋና ጨው ያለበት ክምር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል።

ተራው ደብሊው ዲ 40 አይተካውም። ስሙ ራሱ ውሃ ማባረሪያ ማለት ነው፣ ለዚያ ጥሩ ነው፤ ሹት ላይ ግን ቶሎ ይታጠባል። የምግብ ዘይት ስፕሬይ የሚረጩም አሉ፤ ለአንድ ቀን ይሠራል፣ ከርሞ ሙጫ ይሆናል።

የማይረጭበት ቦታ፦ ቺንጋው፣ ጎማዎቹን የሚያሽከረክረው ፍሪክሽን ዲስክ፣ የጋለ ማርሚታ። ዲስኩ ላይ ጥቂት ጠብታ ከደረሰ ማሽኑ እየጮኸ ቆሞ ይቀራል። ሲሚንቶ ላይ ከፈሰሰም እግር ያንሸራትታል። ማሽኑን ቀለም ለመቀባት ያሰበ ደግሞ ጭራሽ ባይነካው ይሻላል፤ ሲሊከን የነካው ብረት ቀለም አይቀበልም።

ከስፕሬዩ የሚበልጠው ግን ነፃ ነው። ጠርጎ ሲያበቃ ደጅ ላይ ኦገሩን አንድ ሁለት ደቂቃ ባዶውን ማሽከርከር፣ ሹቱን ግራና ቀኝ ማዞር፣ ማንሻዎቹን ደጋግሞ ማንቀሳቀስ። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ከተነቀለ በኋላ የቀረውን በማሽኑ ፕላስቲክ መጥረጊያ ማውጣት (በእጅ በፍጹም፤ የጠፋ ማሽንም ተወጥሮ ሊዞር ይችላል)። የማስነሻ ገመዱን ሦስት አራት ጊዜ መሳብ፣ እርጥበቱ ውስጡ እንዳይረጋ። ማሽኑ ሲሚንቶው ላይ ሳይሆን ሳንቃ ላይ ይቁም፣ አለዚያ የታችኛው ብረት ከወለሉ ጋር ይጣበቃል። በትኩሱ አይሸፈን፤ ሲሸፈንም ላስቲክ ሳይሆን ጨርቅ ይሁን። ቤንዚኑ ይሞላ፣ ባዶ ታንክ ላብ ያጠራቅማል።

ጋራዡ የሚሞቅለት ሰው ችግሩ ተቃራኒ ነው። ሞቅ ያለ ብረት ስኖው ሲነካው ያቀልጠዋል፣ ወዲያው ይጣበቃል። ማሽኑን አስቀድሞ አውጥቶ ከውጭው ብርድ ጋር እስኪመሳሰል መተው ያስፈልጋል።

ይህ ቆርቆሮ በሙሉ ልብ የሚመሰገንበት አንድ ቦታ አለ፦ የጋራዡ በር ሥር ያለው ጎማ። ጎማው ከሲሚንቶው ጋር ሲረጋ የኤሌክትሪክ መክፈቻው ወይ ጎማውን ይገነጥላል ወይ የራሱን ጥርስ ይጨርሳል። ጎማውን ጠርጎ፣ አድርቆ፣ ጨርቅ ላይ ረጭቶ ማሸት ነው። ከነዳጅ የተሠራ ቅባት ጎማ ያሳብጣል፣ ሲሊከን ግን አይጎዳውም። የመኪና በር ጎማም እንዲሁ። በበረዶ የተያዘ የቁልፍ ጉድጓድ ግን አያቀልጥም፤ ለዚያ አልኮል ያለበት ማቅለጫ ነው የሚሻለው።

ቆርቆሮው ጋራዥ ውስጥ አይደር። በብርድ ግፊቱ ይወድቅና ከመርጨት ይልቅ ይተፋል። ቤት ውስጥ ይቀመጥ፣ ነገር ግን በእሳት ከሚሠራው የውሃ ማሞቂያ አጠገብ አይሁን፤ ውስጡ ያለው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው።