ግማሽ ዋጋ የተባለ ቶታል ስቴሽን ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ሰላም ሰርቬየሮች፣ በተለይ ያገለገለ ቶታል ስቴሽን (ርቀትና ማዕዘን የሚለካው የቅየሳ ማሽን) እያፈላለጋችሁ ያላችሁ፣ ረዘም ቢልባችሁም ታገሱኝ።

ነገሩ የጀመረው የራሴ ሲሰረቅ ነው። ከዱከም ወጣ ብሎ ያለ ሳይት ላይ ቶፖ (የመሬቱን ቅርጽ ቅየሳ) እየሰራን ምሳ ሰዓት ደረሰ፣ ማሽኑን ኬዙ ውስጥ ከተን ፒካፑ የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠን ቆልፈን ሄድን፣ ሾፌሩም አብሮን (አንድ ሰው መኪናው ጋ መቅረት ነበረበት፣ ጥፋቱ የኔ ነው) በልተን ቡና ጠጥተን ስንመለስ መስታወቱ ተሰብሯል። እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ ብዬ ሲም የሚገባበት ትራከር ኬዙ ስፖንጅ ስር ደብቄ ነበር፣ ስልኬን ሳይ ቅርብ ነው፣ እየሮጥን ሄድን፣ ምን ብናገኝ ጥሩ ነው? ኬዙን! ባዶውን ቦይ ውስጥ ተጥሎ። ያን ደማቅ ኬዝ ተሸክሞ የሚሄድ ሌባ የለማ፣ ማሽኑን ማዳበሪያ ውስጥ ከቶ ነው የሚሄደው።

የያዝኩት ሴቲንግ አውት (የፕላኑን ነጥብ መሬት ላይ የማውረድ ስራ) አለ፣ ኮንትራክተሩ በየቀኑ ይደውላል፣ አዲስ እንዳልገዛ ሐምሌ 2016 ብር ከተንሳፈፈ ወዲህ 57 ብር አካባቢ የነበረ ዶላር ከ100 አልፎ የአዲስ ማሽን ዋጋ አይቀመስም። እናም እንደ ሁላችንም ወደ ሰከንድ ሃንድ። አንድ ደላላ ደወለ፣ ላይካ ቲኤስ 06 ፕላስ፣ ፕሮጀክት አልቆ ነው የሚሸጠው፣ ሰውየው ቸኩሏል ምናምን። ዋጋው ሌላ ቦታ ከጠየቅኩት ግማሽ።

አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለት የሚባለው ሰፈር፣ መኪና ውስጥ ነው ያሳዩኝ። ቻርጀርና አንድ ባትሪ አለው፣ ኬዝ የለውም፣ "ተሰብሮ ጣልነው" አሉኝ። እስቲ አስቡት፣ የራሴን ኬዝ ከቦይ ካነሳሁ ሁለት ሳምንት አልሞላኝም፣ ኬዝ የሌለው ማሽን እያየሁ ምንም ትዝ አላለኝም! የሴሪያል ቁጥሩ ስቲከር ተፍቋል፣ "ሳይት ላይ ውሎ ነው" ተባልኩ። ዲስታንስ ለካሁ፣ ማዕዘኑን በሁለቱም ፊት፣ ፌስ ሌፍት ፌስ ራይት አነበብኩ፣ አሪፍ ነው፣ ከፈልኩ። ደረሰኝ የለ፣ ውል የለ፣ የሻጩን መታወቂያ እንኳ ፎቶ አላነሳሁም።

19 ቀን ማር የመሰለ ስራ ሰራ። በ20ኛው ጠዋት የኮለን ነጥብ ልናወርድ ስናበራው ተቆልፏል። ሰርቪስ የሚሰሩ ልጆች ጋ ስወስደው ነው ማይ ሴኪዩሪቲ የሚባል የላይካ መቆለፊያ እንዳለ የሰማሁት፣ ባለቤቱ ማሽኑን ኦንላይን ያስመዘግብና የእድሳት ቀን ያስሞላዋል፣ ቀኑ ሳይታደስ ካለፈ ማሽኑ ራሱን ይዘጋል። አንዳንድ የቶፕኮንና የሶኪያ ሞዴሎች ላይ ደግሞ ቲኤስ ሺልድ አለ፣ እሱ ከሩቅ በሚላክ ኮድ ነው የሚዘጋው። ሌባው ቶሎ ሸጦ ተገላግሏል፣ እዳው የገዢው ነው።

በሴሪያሉ ባለቤቱ ተገኘ። እንደኔው ሰርቬየር ነው፣ የሳይት ስቶር ሰብረው ነው የወሰዱበት። ጣቢያ ስንገናኝ ሊጮህብኝ መጥቶ የኔም እንደተሰረቀ ስነግረው ዝም አለና "አይ ወንድሜ፣ ባንተ ደግሞ ማን እየሰራበት ይሆን" አለኝ። ማሽኑ ኤግዚቢት ሆኖ ቀረ፣ እኔ ቃሌን ሰጥቼ በዋስ ወጣሁ። የተሰረቀ ዕቃ መግዛት መሸሸግ ተብሎ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 682 እንደሚያስጠይቅ የሰማሁት እዛው ነው። አላወቅኩም ስል መርማሪው "በግማሽ ዋጋ፣ ያለ ኬዝ፣ ቁጥሩ ተፍቆ፣ ታዲያ ምን መስሎህ ነው?" አለኝ፣ ምን ልመልስ። የደላላው ስልክ እስከዛሬ ዝግ ነው።

ስለዚህ መኪና ውስጥና ካፌ በር ላይ አትግዙ፣ ሰርቪስ ቤት እንገናኝ በሉት፣ እምቢ ካለ አለቀ። ስቲከሩ ቢፋቅ እንኳ ማሽኑ ሲስተም ኢንፎ ውስጥ ሴሪያሉን ያወጣል፣ ከወረቀቱ ጋር አስተያዩት፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ወይ የግዢ ደረሰኝ ጠይቁ። በርቶ ከቆያችሁ ደግሞ አጥፍታችሁ ራሳችሁ አብሩት፣ ፒን ሊጠይቅ ይችላል፣ ላይካ ላይ 5 ጊዜ ከተሳሳታችሁ ፑክ (የመክፈቻ ኮድ) ነው የሚፈልገው፣ ፑኩ ያለው ባለቤቱ ጋ ነው።

የራሳችሁ ማሽን ላይ ፒን ዛሬውኑ አድርጉ፣ የማሽኑን ብቻ ሳይሆን የኮንትሮለሩንም የአርቲኬውንም (በሳተላይት የሚለካውን) ሴሪያል ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። ትራከር ኬዝ ውስጥ ብቻ ማድረግ ምን እንደሚያመጣ አይታችኋል። አርቲኬ የምትሰሩ አንድ ቦታ የሚተከለውን ቤዙን ብቻውን ሜዳ ላይ ትታችሁ ተንቀሳቃሹን ሮቨር ይዛችሁ አትጥፉ፣ ከሰፈሩ ልጆች ለአንዱ አበል ከፍላችሁ አጠገቡ አስቀምጡ፣ እኔ አሁን እንደዛ ነው የማደርገው፣ በዛውም ሰፈሩ ያውቃችኋል።

የኔው እስካሁን አልተገኘም። ሶኪያ ሲኤክስ 105፣ እጀታው ላይ አረንጓዴ ቴፕ የተጠቀለለበት፣ ፒን አልነበረውም። ሊሸጥላችሁ የመጣ ካለ ዋጋ እየተከራከራችሁ አቆዩልኝና በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።