ትንሿ ስካነርና የቱርቦዬ ሴንሰሮች፦ ከወራት በኋላ የምለው

ኢኤልኤም 327 የምትባለውን፣ መኪናው ላይ ተሰክታ የሞተሩን መረጃ ወደ ስልክ የምትልከውን ትንሽ የብሉቱዝ ስካነር የገዛኋት ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ያኔ ዋጋዋ ሁለት ሺህ ብር አይሞላም ነበር። መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ2012 ሥሪት፣ ባለ 2.5 ሊትር ቱርቦ ናፍጣ ፒክአፕ ነው። ከዚያ ወዲህ ክረምቱም በጋውም አለፈ። ሁለት ሴንሰር ተቀየረ፤ ሦስተኛው ሊቀየር ሲል ተረፈ። ስለዚህ ካርቶኑን በከፈተ ማግስት "አሪፍ ናት" ከሚል ሰው ትንሽ የተሻለ ነገር መናገር የምችል ይመስለኛል።

ፍርዴን ላስቀድም። ዕቃዋ ጥሩ ናት፤ ግን ሰው በሚገዛበት ምክንያት አይደለም። አብዛኛው ሰው የሚገዛት ኮድ ለማንበብና ቼክ ኢንጂን መብራት ለማጥፋት ነው። ለዚያማ ሠፈር ያለ ጋራዥ ጎራ ማለት ይበቃል። እኔን የጠቀመችኝ ላይቭ ዳታ በሚባለው ነገር ነው። ሞተሩ እየሠራ እያንዳንዱ ሴንሰር ለመኪናው ኮምፒውተር የሚነግረውን ቁጥር ስልኬ ላይ አያለሁ። ውሸታም ሴንሰር የሚያዝ እዚያ ላይ ነው።

የገዛሁበት ምክንያት ይኸው። ከአዋሽ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ መኪናው ዳገት ላይ ድንገት ጉልበት ያጣል። ነዳጅ ብረግጥም አልጎትት ይላል። ቼክ ኢንጂን ይበራል። ዳር ይዤ አጥፍቼ ሳስነሳው ምንም እንዳልነበረ ይሄዳል። ያሳየሁበት ጋራዥ ማሽኑን ሰካና ፒ0299 የሚል ኮድ አገኘ። አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቱርቦ የሚጠበቅበትን ግፊት አልሰጠም ማለት ነው። ማሽኑ ገና ሳይነቀል "ቱርቦው አልቋል፣ ይቀየር" ተባልኩ።

ፒ0299 ግን ቱርቦው ሞቷል አይልም። ግፊት ጎድሏል ነው የሚለው። ግፊት የሚጎድለው ቱርቦው አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ቱርቦው የጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው የኢንተርኩለሩ ጎማ ተቀዶም ይሆናል። የቱርቦውን መቆጣጠሪያ የሚስበው የቫኪዩም ቱቦ ተሰንጥቆም ይሆናል። ወይም ግፊቱ ደህና ሆኖ የሚለካው ሴንሰር ዋሽቶ ይሆናል። ከእነዚህ ሁሉ ውዱ ቱርቦው ነው። ምርመራው ለምን ሁልጊዜ ከውዱ እንደሚጀመር ጋራዦቹ ቢነግሩን ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ የግፊት ሴንሰሩን ወደ መፈተኑ። ይህን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡት፤ ከዕቃዋ ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ አይገኝም።

ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ኦን ላይ አድርጉ። ሞተሩ ቆሞ እያለ ማኒፎልዱ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበት ቱቦ) ውስጥ ያለው አየር ከውጭው አየር ጋር እኩል ነው። ስለዚህ የግፊት ሴንሰሩ ማሳየት ያለበት የቆማችሁበትን ቦታ የአየር ግፊት ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ ቢሆን 101 ኪሎፓስካል ይል ነበር። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ጤነኛ ሴንሰር 76 ወይም 77 ነው የሚለው። አዳማ ስትወርዱ 83 አካባቢ ይሆናል። አዋሽ ከተማ 90 ይጠጋል። ደብረ ብርሃን ብትወጡ ወደ 72 ይወርዳል። የሰፈራችሁ ቁጥር እንደየከፍታው አንድ ሁለት ነጥብ ይለያይ ይሆናል።

ዩቲዩብ ላይ ያሉት አስተማሪዎች አብዛኞቹ ጋራዣቸው ባሕር ወለል አጠገብ ነው። "100 ካላሳየ ሴንሰሩ ተበላሽቷል" ይላሉ። ይህን ሰምቶ ሜክሲኮ አደባባይ ቆሞ 77 ያየ ሰው ጤነኛ ሴንሰሩን አውጥቶ ይጥላል። ሌላም አለ። ስካነሯ የምታሳየው ጠቅላላ ግፊቱን ነው፤ የአየሩንም የቱርቦውንም ደምራ። ስለዚህ ዳገት ላይ 170 ብትል ቱርቦው የጨመረው 170 ሳይሆን 77ን ቀንሳችሁ የሚቀረው 93 ነው። የኢንተርኔት መድረክ ላይ "የኔ ይሄን ያህል ይነፋል" የሚሉትን ከመስማታችሁ በፊት ይህን መቀነስ አትርሱ።

የእኔ ሴንሰር በመጀመሪያው ቀን 77 አለ። ደህና ነው ማለት ነው። ሞተሩን አስነስቼ ነዳጅ ስረግጥ ግን ቁጥሩ ቀስ እያለ ወጣ። እግሬን ሳነሳም ቀስ እያለ ወረደ። ጤነኛ ሴንሰር እንዲህ አያንቀላፋም፤ እግራችሁን ተከትሎ ነው የሚዘለው። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ከዘገየ አየሩ ሴንሰሩ ጋ የሚደርስበት ቀዳዳ ታፍኗል ማለት ነው። ናፍጣ ሞተር ላይ ይህ የተለመደ ነው። ኢጂአሩ የተቃጠለውን ጭስ መልሶ ወደ ማኒፎልዱ ይልካል። ጥላሸቱ ከዘይት ትነት ጋር ተለውሶ እንደ ሬንጅ ይጋገራል። ሴንሰሩን ፈታሁት፤ ቀዳዳው ጥቁር ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃ ማጽጃ ስፕሬይ ተረጨበት፣ እስኪደርቅ ተጠበቀ፣ ተመለሰ። ውስጡን በሽቦ መቆርቆር የለም። ከመለኪያው ፊት ያለችው ሽፋን ስስ ናት።

ለተወሰኑ ሳምንታት መኪናው ተመልሶ ራሱን ሆነ። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ቁልፍ ኦን ሳደርግ የማየው ቁጥር ፈቀቅ ማለት ጀመረ። 80፣ ከዚያ 84። በመጨረሻ 90 ላይ ተቀመጠ። መኪናው መገናኛ ቆሟል፣ ሴንሰሩ ግን አዋሽ ደርሷል። ጉልበቱም አብሮ ቀነሰ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኮምፒውተሩ ካለው በላይ ግፊት እንዳለ ስለሚነገረው ቱርቦውን ቀድሞ ይይዘዋል። ትንሽ ቆይቶ ፒ0069 መጣ። ይህ ኮድ የማኒፎልዱ ግፊትና የውጭው አየር ግፊት አልተስማሙም ማለት ነው። ስካነሯ ላይ ግን መብራቱ ሳይበራ በፊት ይታይ ነበር።

አዲስ ሴንሰር ከመግዛቴ በፊት ሽቦውን በቴስተር አየሁት። ይህን የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ ከዚያ አዲስ ሴንሰር ገጥመው ያው ችግር ይገጥማቸዋል። ሴንሰሩ ባለ ሦስት ሽቦ ነው። አንዱ 5 ቮልት ያመጣል፣ አንዱ ኔጋቲቭ ነው፣ አንዱ መልስ ይወስዳል። 5 ቮልቱ በትክክል ከመጣ፣ ኔጋቲቩ ካልላላና የመልሱ ሽቦ ደህና ከሆነ ጥፋቱ የሴንሰሩ ነው። የኔጋቲቭ ሽቦ መዛግ ብቻውን ቁጥር እንደሚያዛባ አስታውሱ። አይጥም አትርሱ። አዲስ አበባ ውስጥ ክረምት ላይ ሞቅ ያለ ሞተር የሚወድ አይጥ ሞልቷል።

ሶማሌ ተራ ስካነሯን በኪሴ ይዤ ሄድኩ። እዚያ ያየሁትን ለማንም እመክራለሁ። የግፊት ሴንሰር ሳይገጠም ሶኬቱ ላይ ብቻ ቢሰካ የሚለካው ክፍት አየሩን ነው። ስለዚህ ሻጩ ፊት፣ ብር ሳይከፈል መፈተን ይቻላል። ቁልፉን አጥፉ፣ አዲሱን ሰኩ፣ ቁልፉን ኦን አድርጉ፣ ቁጥሩን እዩ። ልጁ መጀመሪያ ያመጣልኝ በሚያምር ካርቶን የታሸገ አዲስ ነበር።

"ወንድሜ፣ ኦርጅናል ነው። ዓይንህን ጨፍነህ ውሰድ።"

ዓይኔን ሳልጨፍን ሰካሁት። 83 አለ። ልጁ ስልኩን አይቶ ሳቀ። "ይሄማ አዳማ ነው" አልኩት። ከኋላ ገብቶ ከሌላ መኪና የወጣ ያገለገለ አመጣ። መልኩ ያስጠላል። 77 ላይ ቁጭ አለ፣ በአፌ ቀስ ብዬ ሳብ ሳደርገው ወዲያው ወረደ። እሱን ገዛሁ። ዋጋው ከካርቶኑ ያነሰ ነው። እስከዛሬ ቁጥሩ አልተነቃነቀም።

ይህ የዕቃ ፈተና አሁን ከበፊቱ ይበልጥ ይጠቅማል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ካገደ ወዲህ ያለንን መኪና ማኖር ነው ያለን። መለዋወጫ ፈላጊው በዛ። ኮፒውም በዚያው ልክ በዛ።

ሁሉ ነገር ግን በስካነሯ አልተፈታም። ሴንሰሩ ተቀይሮም መኪናው ሲጫን ትንሽ ጥቁር ጭስ ነበረው። ግፊቱም ማሳየት ካለበት ትንሽ ዝቅ ይላል። ሠፈራችን ያሉ አንድ የድሮ መካኒክ አሉ። ስልኬን ይዤ ስጠጋ ገና ሲያዩኝ "ልጄ፣ እሱን አስቀምጠውና ኮፈኑን ክፈት" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ቁጥሩ እኮ ዝቅ ብሏል።"

"ይበል። እጅህን ስጠኝ።" እጄን ይዘው ከኢንተርኩለሩ በታች ያለው ጎማ ላይ አሳረፉት። ዘይት ነክቶታል። ቱርቦ ባለበት መስመር ላይ ቀጭን የዘይት ላብ የሚወጣበት ቦታ አየርም ይወጣበታል። የሳሙና ውሃ ቀቡት፣ እኔ ነዳጅ ረገጥኩ፣ አረፋው ተነፋ። ጎማው ከፋሸታው ሥር ተሰንጥቋል። ግፊት ሲጨምር ብቻ ነው የሚከፈተው፤ ቆሞ ቢታይ አይታይም። ስካነሯ ግፊት እንዳነሰ ነገረችኝ፤ የት እንደሚያፈስ ልትነግረኝ አትችልም። ማንም ኮምፒውተር አይችልም።

ስለ ሌሎቹ ሁለት ሴንሰሮች ባጭሩ። የውሃ ሙቀት ሴንሰሩ ጥቅምት ላይ ነው የሄደው። እሱን ለመያዝ ጠዋት ብርድ ላይ፣ ሞተሩ ሌሊቱን ካደረ በኋላ ማየት ነው። በዚያ ሰዓት የውሃው፣ የሚገባው አየርና የውጭው ሙቀት መቀራረብ አለባቸው። የእኔ አየሩን 12 ዲግሪ ሲል ውሃውን ከዜሮ በታች 40 አለ። ከዜሮ በታች 40 ማለት ብርድ አይደለም፤ መስመሩ ተቋርጧል ማለት ነው። ሽቦው ደህና ነበር፣ ሴንሰሩ ተቀየረ፣ አለቀ።

የተረፈው የአየር መጠን መለኪያው ነው፤ ኤርፍሎው የምንለው። ፒ0101 ሲመጣ "ይቀየር" ተባለ። የውስጡ ጥቃቅን ሽቦ አቧራ ለብሶ ነበር። ለዚሁ ተብሎ በሚሠራ ስፕሬይ ታጥቦ ቁጥሩ ተመለሰ። ጋራዥ ውስጥ በኮምፕረሰር ንፋስ ሲነፉት ካያችሁ አስቁሟቸው። ያ ሽቦ በዚያ ንፋስ ይበጠሳል። ቤንዚንም አታስነኩት።

አሁን የዕቃዋ ጉድለት። የሚሸጡት ሁሉ ኮፒ ናቸው ብትሉ አትሳሳቱም። በውስጧ ያለው የኢኤልኤም 327 ቺፕ ባለቤት የነበረው የካናዳው ኤልም ኤሌክትሮኒክስ ራሱ በ2022 ተዘግቷል። ሳጥኑ ላይ "ቨርዥን 1.5" የሚል ታያላችሁ። ኩባንያው 1.5 የሚባል ቨርዥን አውጥቶ አያውቅም። የሚገርመው ገበያ ላይ ካሉት ኮፒዎች 1.5 የሚሉት ብዙ ጊዜ 2.1 ከሚሉት ይሻላሉ። በቁጥሩ ትልቅነት አትግዙ።

ፍጥነቷም ደካማ ነው። ብዙ ቁጥር በአንድ ጊዜ ከጠየቃችኋት ትንተባተባለች። እኔ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ነው የማስከፍታት፦ ግፊት፣ ዙር፣ አንዳንዴ ኤርፍሎው። ኤቢኤስና ኤርባግ አታነብም። የናፍጣውን ኢንጄክተር ዝርዝር አታሳይም። ለዚያ የመኪናውን ሥሪት የሚያውቅ ትልቅ ማሽን ያስፈልጋል። ብሉቱዙም ሲሻው ይጠፋል፤ ነቅሎ መሰካት ነው መድኃኒቱ። ሽፋኗ ተላቆ በሙጫ ነው ያለችው። ተሰክታ ሳለች ደግሞ የሹፌሩን ጉልበት ትነካለች።

ዋናው ጥንቃቄ ባትሪ ነው። የተሰካችበት ሶኬት ቁልፉ ጠፍቶም መብራት አለው። መኪናው ለቀናት የሚቆም ከሆነ ንቀሏት፣ አለዚያ ጠዋት ግፉ ልትሉን ነው።

ኮድ ከማጥፋታችሁ በፊት ፍሪዝ ፍሬም የሚለውን ገጽ ከፍታችሁ ስክሪኑን ፎቶ አንሱ። መብራቱ በበራበት ቅጽበት መኪናው በስንት ፍጥነት፣ በስንት ዙር፣ በምን ጭነት እንደነበር እዚያ ተጽፏል። ኮዱ ሲጠፋ እሱም ይጠፋል። የእኔ ችግር ዳገት ላይ፣ ጭነት ሲበዛ ብቻ እንደሚመጣ መካኒኩን ያሳመነው ያ ፎቶ ነው።

ለማን ትሆናለች? አንድሮይድ ስልክ ላለው፣ ቱርቦ መኪና ለሚነዳና ቁጥር ለማየት ትዕግሥት ላለው ትሆናለች። አይፎን ያለው ሰው ይህችን ተራ ብሉቱዝ ሳይሆን ዋይፋይ ያላትን ወይም ለአይፎን የምትሠራውን አዲሷን ብሉቱዝ ይፈልግ። መኪናው በጣም የቆየና ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት የሌለው ሰው ደግሞ ብሩን ያስቀምጥ። ስካነሯ የምትሠራበት የመኪና መመርመሪያ ሥርዓት፣ ኦቢዲ 2፣ አሜሪካ ውስጥ ግዴታ የሆነው ከ1996 ሥሪት ጀምሮ ነው። አውሮፓ ውስጥ ናፍጣ መኪኖች ላይ የመጣው ዘግይቶ፣ ከ2003 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ሶኬቱ ኖሯቸውም ላያወሩ ይችላሉ። ሻጩ መኪናችሁ ላይ ሰክቶ ሳያሳያችሁ አትክፈሉ።