«ኤዲት፣ ብላንክ»፦ የሱቃችን የሽያጭ ፕሮግራም ከስምንት ወር በኋላ

በጥር ወር መንዝ ካለችው ከመሐል ሜዳ ከተማ የመጡ አንድ ነጋዴ ሱቃችን ገብተው «ልጄ፣ የባናዎቹን ዕዳ ልክፈልሽ» አሉኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ስማቸውን ፈለግሁ፤ ምንም ዕዳ የለባቸውም። «ጋሼ፣ የእርስዎ ሒሳብ ተዘግቷል፤ ከፍለዋል» አልኳቸው። «ኧረ አልከፈልኩም! በኅዳር አሥራ ሁለት ባና በዱቤ ወስጄ የለም እንዴ?» ብለው 28,800 ብር ቆጥረው እጄ ላይ አስቀመጡ። እሳቸው ሌላ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ያ ብር ቀርቶ ነበር። ይህን የምጽፈው ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልወጣልኝ ነገር ስላለ ነው።

ዓይነ ስውር ነኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ባና፣ ዝተት፣ በርኖስና ብርድ ልብስ እንሸጣለን። እሱ መንዝ ድረስ እየሄደ ከሸማኔዎቹ ይረከባል፣ ዕቃ ያወጣል ያወርዳል፤ ሒሳቡ የእኔ ነው። ሐምሌ 2017 ላይ በኢንተርኔት የሚሠራ የሽያጭና የክምችት መመዝገቢያ ፕሮግራም የዓመት ሙሉ ከፍለን ገዛን።

ሳልሞክር አልገዛሁትም። ሦስት ፕሮግራሞች አስከፍቼ በእያንዳንዳቸው ላይ ላፕቶፔን ይዤ ተቀምጫለሁ። የምጠቀምበት ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብልኝ ፕሮግራም፣ ኤንቪዲኤ ነው፤ ማይክል ከረን የተባለ ራሱ ዓይነ ስውር የሆነ አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው፣ ገንዘብ የማይጠየቅበት። ኢስፒክ በተባለው ጽሑፍን ወደ ንግግር በሚቀይር ፕሮግራም የአማርኛ ድምፅ ነው የማዳምጠው። ድምፁ ደረቅ ነው፤ ፊደላችን ጥብቁንና ላላውን ለይቶ ስለማያሳይም አንዳንዱን ቃል ያዛባዋል፤ ጆሮዬ ግን ለምዶታል። ሁለቱ ፕሮግራሞች ገና በመጀመሪያው ገጽ ወደቁ። ይኼኛው ላይ ታብ ስጫን «የደንበኛ ስም» አለኝ፣ ደግሜ ስጫን «የዕቃ ዓይነት»፣ ቀጥሎ «ብዛት»፣ ቀጥሎ «የአንዱ ዋጋ»። ዘጠኙም ሳጥኖች ስማቸውን ነገሩኝ። «መዝግብ» የሚለውን ስጫን «ተመዝግቧል» አለ። የሻጩ ልጅ ስለ ሪፖርቱና ስለ ቀለሙ ብዙ ሲያወራ ነበር፤ እኔ ግን የገዛሁት ያንን ነው። እስከ ኅዳር ድረስ ስለ ፕሮግራሙ የምናገረው ነገር አልነበረኝም፤ ይሠራ ነበር።

ኅዳር የእኛ የሥራ ወር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው ያለችው፤ ውርጩ ሲጀምር ሰው ብርድ ልብስ ፍለጋ ይመጣል። አንድ ሰኞ ጠዋት ፕሮግራሙን ስከፍት «እንኳን ወደ አዲሱ ገጽታችን በደህና መጡ» አለኝ። አዲስ ሽያጭ ብዬ ታብ ተጫንኩ። «ኤዲት፣ ብላንክ።» እንደገና ተጫንኩ። «ኤዲት፣ ብላንክ።» እንደገና። «ክሊከብል።» ከዚያ «በተን»፤ የምን በተን እንደሆነ የለም። «ኤዲት፣ ብላንክ» ባዶ መጻፊያ ሳጥን፣ «ክሊከብል» የሚጫኑት ነገር፣ «በተን» ቁልፍ ማለት ነው፤ ስማቸው ግን የለም።

ለሚያዩ አንባቢዎች ምን እንደተፈጠረ ላስረዳ። እናንተ ሳጥኑን ስታዩ ከበላዩ «ብዛት» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ፤ ቅርብ ስለሆነ የእሱ መሆኑን ዓይናችሁ ያውቃል። ስክሪን ሪደር ቅርበትን ዓይቶ አይፈርድም። ጽሑፉና ሳጥኑ በኮዱ ውስጥ መታሰር አለባቸው፤ ለሳጥኑ አይዲ (መለያ ስም) ይሰጠዋል፣ ጽሑፉ ሌብል ይሆንና «ፎር» በሚለው ቦታ ያንኑ አይዲ ይጠራል። ያኔ ሳጥኑ ላይ ስደርስ ስሙ ይነበብልኛል። በድሮው ገጽ ታስረው ነበር። አዲሱን ገጽ የሠራው ሰው ጽሑፉን ከሳጥኑ በላይ አስቀመጠና ማሰሪያውን ተወው። ወንድሜ ምንም ለውጥ አልታየውም፤ እንዲያውም «ያምራል» አለኝ።

የዕቃው ዓይነት የሚመረጥበት ደግሞ ድሮ እውነተኛ ዝርዝር ነበር፤ «ባ» ብዬ ስጽፍ ባና ላይ ይቆምልኝ ነበር። አሁን ኤንተር ስጫን ዝርዝሩ የሚከፈተው ለእኔ ገጹ መጨረሻ ላይ ነው። ኮንትሮልና ኤንድ ብዬ እወርዳለሁ፣ ወደ ላይ እየቆጠርኩ ባናን እፈልጋለሁ፣ መርጬ ስመለስ የነበርኩበት ሳጥን ጠፍቶኛል።

ሰው ግን ይለምዳል፤ ለመድኩ። ኢንሰርትና ስፔስ ተጭኜ ከመጻፊያው ስልት እወጣለሁ፣ በቀስት አንድ መስመር ወደ ላይ ሄጄ ጽሑፉን አነባለሁ፣ ወርጄ እገባለሁ፣ እጽፋለሁ። ለዘጠኝ ሳጥን እንዲህ ነው። ደንበኛ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ጣት በብርድ ደንዝዞ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን በቃል ይዤ መጻፍ ጀመርኩ፤ መጀመሪያ ስም፣ ከዚያ ዕቃ፣ ከዚያ ብዛት፣ ከዚያ ዋጋ፣ እንደ ድሮው።

ዋጋና ብዛት ቦታ መለዋወጣቸውን የነገረኝ የለም።

የመሐል ሜዳው ጋሼ በኅዳር ባና ሊወስዱ በመጡ ቀን 12 ብዬ የጻፍኩት ዋጋው ላይ፣ 2,400 ብዬ የጻፍኩት ብዛቱ ላይ ነበር። ድምሩን ሄጄ አነበብኩት፤ 28,800። ልክ ነው! ሲባዙ መቼም ያው ናቸው። «መዝግብ» አልኩ። ፕሮግራሙ በመጋዘን 38 ባና እንጂ 2,400 እንደሌለ ያውቃል፤ አልመዘገበም። «በቂ ክምችት የለም» ብሎ በቀይ ጻፈ። ቀዩን ጽሑፍ ግን ለኔ ያነበበልኝ የለም። አዲሱ ገጽ ሲሳካም «ተመዝግቧል» የሚለውን ጥግ ላይ ለጥቂት ሰከንድ አሳይቶ ያጠፋዋል፤ እሱም አይነበብም። ሲመዘግብም ዝም፣ ሲከለክልም ዝም። እኔ ምኑን ከምን ልለይ? ጋሼ ባናቸውን አስጭነው ሄዱ፤ በመዝገባችን ግን አልመጡም ነበር። ከሁለት ወር በኋላ የገዛ ትዝታዬን ትቼ ፕሮግራሙን አምኜ «ከፍለዋል» ያልኳቸው ለዚህ ነው። ያን ቀን ማታ ከወንድሜ ጋር ተቀምጠን ሁለቱን ወር ስናመሳክር ሌሎች አራት ሽያጮች እንደዚሁ ጠፍተው አገኘን። ሁለቱን ሰዎች እስካሁን አላገኘናቸውም።

ሻጮቹ ጋ ደወልኩ። የመጀመሪያው ልጅ ትሑት ነበር። «እህቴ፣ የሚታይሽን ስክሪን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልን» አለኝ። ሁኔታዬን ነገርኩት። «ታዲያ አጠገብሽ የሚያስገባልሽ ሰው የለም?» አለ።

ይህችን ነገር ብዙ ጊዜ ስለምሰማት እዚህ ልመልሳት። ወንድም አለኝ፤ ዓይኑም ደህና ነው። ግን ሒሳብ የእኔ ሥራ ነው። እሱ መንዝ ሲሄድ ሱቁ ይዘጋ? የይለፍ ቃሌን ለጎረቤት ልጅ ልስጥ? በሐምሌ ስትሸጡልኝ «ራስሽ ትሠሪበታለሽ» ብላችሁ ነው፤ ሠርቼበታለሁም። ያልነበረኝን ነገር ስጡኝ አላልኩም፤ የከፈልኩበትን መልሱ ነው ያልኩት። «አዲሱ ገጽታ ዘመናዊ ነው» ለምትሉኝም፣ ዘመናዊነቱን አልጠላሁም። ስም የታሰረበት ሳጥንም ያው ቀለም፣ ያው ቅርጽ ይኖረዋል፤ ለሚያይ ሰው የሚቀነስበት ነገር የለም። «እንደ አንቺ ዓይነት ተጠቃሚ ስንት አለ?» ለሚለኝ ደግሞ መልሴ፣ ሙሉ ዋጋ የከፈልኩ አንዲት ደንበኛ እኔ አለሁ።

በደብዳቤም ጻፍኩላቸው። ደብሊውካግ (WCAG) የሚባለው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሁለተኛ እትሙ ሲወጣ ጀምሮ 4.1.2 በሚለው ቁጥር ስር እያንዳንዱ የፎርም ክፍል ስሙን፣ ሚናውንና በውስጡ የተጻፈውን ለስክሪን ሪደር እንዲነግር ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው እትም ደግሞ 4.1.3 ተጨምሮ እንደ «ተመዝግቧል» ያሉ መልእክቶች ተጠቃሚው ሄዶ መፈለግ ሳያስፈልገው እንዲነበቡ ይላል። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም አንቀጽ 9 ላይ ኢንፎርሜሽንና ኮሙኒኬሽንን በስም ጠቅሷል። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ልከሳቸው አይደለም። የጎደለው ነገር የእኔ ለቅሶ ብቻ ሳይሆን ቁጥር ያለው፣ ተለይቶ የሚታወቅ ሥራ መሆኑን እንዲያዩ ነው።

በየካቲት መጨረሻ ሌላ ልጅ ደወለልኝ፤ ፕሮግራሙን ከሚሠሩት አንዱ ነኝ አለ። ኤንቪዲኤን አውርዶ፣ ስክሪኑን አጥፍቶ፣ አንድ ሽያጭ ለመመዝገብ ሞክሮ እንዳቃተው ነገረኝ። ድምፁ አዝኗል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ተስተካክሏል፤ የደንበኛው ሳጥን ስሙን ይናገራል፣ «መዝግብ» የሚለው በተንም እንደዚሁ። የመጀመሪያ ቀን «የደንበኛ ስም» ሲለኝ ወንድሜን ጠርቼ አሰማሁት።

ታዲያ ግዙት ወይስ አትግዙት? የሚያይ ነጋዴ ቢጠይቀኝ እሺ ይግዛው እላለሁ፤ ሪፖርቱ ጥሩ ነው፣ መብራት ሲጠፋ የጻፍከውን አያጠፋም። እንደኔ ላለ ሰው ግን ዛሬ ግዙ አልልም። ቢያሳዩዋችሁም አንድ ጊዜ ሞክራችሁ አትመኑ። ሲታደስ ምን እንደሚሆን፣ ማንስ በስክሪን ሪደር እንደሚፈትሸው ጠይቁና በውሉ ላይ አስጽፉት፤ እኔ ያላደረግሁት እሱን ነው። ለጊዜው እያንዳንዱን የዱቤ ሽያጭ በስሌትና በስታይለስ (በብሬል መጻፊያ ሰሌዳና መውጊያ) በብሬል እወጋዋለሁ፤ ማታ ከኮምፒውተሩ ጋር አስተያያለሁ።

ክፍያችን ሰኔ 30 ያልቃል። ለዚያ ልጅ ነግሬዋለሁ፦ ብዛትና ዋጋ እስከዚያ ስማቸውን ከነገሩኝ፣ ቀዩ ጽሑፍም ከተነበበልኝ፣ ሐምሌ 1 የሁለተኛውን ዓመት እከፍላለሁ። «ብዛት የሚቀጥለው ሳምንት ነው» ብሎኛል።