በፕላኑ መገንባት ወይስ የአገልግሎት ለውጥ መጠየቅ?

ካዛንቺስ ወይም ፒያሳ አካባቢ ለመኖሪያ የተሰጠ የሊዝ ይዞታ አለዎት እንበል። አንደኛው መንገድ በተፈቀደው አገልግሎት መገንባት ነው። መጀመሪያ የፕላን ስምምነት (ሊገነቡ ያሰቡት ከከተማው ፕላን ጋር እንደሚስማማ የሚገልጽ ማረጋገጫ)፣ ቀጥሎ የግንባታ ፈቃድ። ቢያሰለችም መንገዱ ይታወቃል።

ሁለተኛው ወደ ንግድ እንዲቀየር ማመልከት ነው። ሰው የሚጓጓው ለዚህኛው ነው፤ ታች ካፌ፣ ላይ ቢሮ፣ ኪራዩ ደህና ነዋ! ግን የሊዝ ዘመኑን ይመልከቱ። አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለመኖሪያ 99 ዓመት ሲሰጥ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለንግድ የሰጠው 60 ነው። ለውጡም ከከተማው ፕላን ጋር መስማማት አለበት። መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የከተማውን አጠቃላይ የመሬት አጠቃቀም የሚወስነው ፕላን፣ በአዋጅ ቁጥር 574/2000 የ10 ዓመት ዕድሜ አለው፤ ለአንድ አመልካች ተብሎ በቀላሉ አይነካም።

ጊዜውን በተመለከተ ሁለተኛው ይከብዳል። «ሰኞ ተመለስ» የሚሉት ነገር አለ፣ የትኛው ሰኞ እንደሆነ ግን አይነገርም። ስለዚህ ማመልከቻውን መዝገብ ቤት ሲያስገቡ ግልባጩ ላይ ቀንና ማኅተም ያስመቱ። ውሳኔውንም በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ቅሬታ ሲያቀርቡ መጀመሪያ የሚጠየቁት ቀኑን ነው። መልስ ዘገየ ብሎ ቁፋሮ መጀመር ግን ጣጣ ነው።

እኔ ብሆን መጀመሪያ ፕላኑን አያለሁ። ቦታው ቅይጥ አገልግሎት (መኖሪያና ንግድ አብረው የሚፈቀዱበት) ተብሎ ከተቀመጠ አመለክታለሁ። ካልሆነ በመኖሪያነቱ እገነባለሁ።